የፊዚክስ ካሪኩለም ልትከልሱ ነው? ከየት እንደሚጀመር፣ ምን ላይ መጠንቀቅ እንዳለባችሁ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ባልደረባዬ ደወለልኝና "ካሪኩለም ሪቪው ኮሚቴ ውስጥ ከተውኛል፣ እስቲ ከየት እንደምጀምር ንገረኝ" አለኝ፣ አንድ ሰአት ሙሉ አወራን ግን አልጨረስንም፣ ሌሎቻችሁም በየዩኒቨርሲቲያችሁ ይሄው ስራ ይገጥማችኋልና ቁጭ ብዬ ልፃፈው አልኩ። እኔ አሁን አዳማ ነው ያለሁት፣ ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ እስካሁን በተለያየ ቦታ ሶስት ጊዜ የቢኤስሲ ፊዚክስ ካሪኩለም ክለሳ ውስጥ ገብቼ ሰርቻለሁ። የመጀመሪያው አላማረም፣ ለምን እንደሆነ እየሄድን እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ክለሳ ሲባል ሁሉም ሰው ስብሰባ ላይ አዲስ ኮርስ ይዞ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ናኖ ይግባ ይላል፣ አንዱ ማሽን ለርኒንግ፣ ሌላው ስፔስ ፊዚክስ፣ ሁሉም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን እኔ እስከማየው የልጆቹ ችግር የኮርስ ማነስ አይደለም፣ አንዱ ኮርስ ለሚቀጥለው ማቀበል ያለበትን ሳያቀብል ማለፉ ነው። ሁለተኛ አመት ላይ ያልገባች ቬክተር ሶስተኛ አመት ላይ ኤሌክትሮዳይናሚክስ ሆና ትመጣለች፣ አራተኛ አመት ሲደርስ ልጁ "ፊዚክስ ለኔ አይሆንም" ብሎ ደምድሟል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅብብሉን፣ መጨመሩን በኋላ።

አንደኛ፡ ምኑን መንካት እንደሚፈቀድላችሁ አጣሩ

ይሄን ሳያጣሩ ሁለት ወር ሰርቶ መጣል አለ፣ አይቼዋለሁ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን አመት አገር አቀፍ ነው፣ ጄነራል ፊዚክስም ማትስ ፎር ናቹራል ሳይንስም እዛ ውስጥ ናቸው፣ እነሱን ዲፓርትመንት አይቀይራቸውም። ከፍሬሽማን በላይ ያለውም ሃርሞናይዝድ በሆነው ካሪኩለም የምትሄዱ ከሆነ የኮርሶቹ ስምና ክሬዲት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ካለው ጋር የተያያዘ ነው። በዛ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መውጫ ፈተና አለ፣ 100 ጥያቄ፣ በኮምፒውተር፣ ማለፊያው 50 ከመቶ፣ እና ፈተናው ከየትኞቹ ኮርሶች እንደሚወጣ የሚዘረዝር ብሉፕሪንት የሚባል ሰነድ አለ። ብሉፕሪንቱን ፕሪንት አውጡና ውስጡ ያለውን ኮርስ ሁሉ በቀይ አስምሩበት፣ ቀይ የተሰመረበት ኮርስ አይወጣም፣ በቃ። ከዛ አካዳሚክ ጉዳዮች ቢሮ ሄዳችሁ ከመቶ ስንት መቀየር እንደሚፈቀድላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፣ በቃል የተነገረ ነገር ሴኔት ላይ አያድናችሁም።

ይሄን ስታዩ "ታዲያ ምን ቀረልን?" ትሉ ይሆናል። ብዙ ነገር ነው የቀረው፡ የኮርሶቹ ቅደም ተከተል፣ በየኮርሱ ውስጥ ምን እንደሚሸፈን፣ ላቡ፣ ኢሌክቲቩ (ልጁ መርጦ የሚወስደው ኮርስ)፣ የመመረቂያው ፕሮጀክት፣ ፈተናው የሚወጣበት መንገድ። ልጁ በየቀኑ የሚኖረው ደሞ እነዚህ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፡ ማን እየመጣ እንደሆነ እዩ

በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ከመቶ ሶስት ምናምን ብቻ ነበር፣ ከዛ በኋላ ወደ ግቢ ከገቡት ልጆች ብዙዎቹ በሪሚዲያል አልፈው የመጡ ናቸው። ፊዚክስን ደሞ መርጦ የሚመጣ አለ፣ ተመድቦ የሚመጣ አለ፣ የተመደበው ይበዛል። ይሄን የምለው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም፣ የድሮው ሲላበስ ሌላ ልጅ ታስቦ የተፃፈ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ሃሳብ ከመሰንዘሩ በፊት ፈትኑ። መካኒክስ ላይ ፎርስ ኮንሴፕት ኢንቨንተሪ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ፈተና አለ፣ አሁን የሚሰራበት 30 ጥያቄ ነው፣ ስሌት የለውም፣ ሃሳቡ ገብቷል ወይ የሚለውን ብቻ ነው የሚያየው። ሁለተኛ አመት ሲጀመር በመጀመሪያው ሳምንት ስጡት፣ መካኒክስ ኮርሱ ሲያልቅ ድገሙት፣ ማርክ ግን እንዳትይዙበት፣ ማርክ ከያዛችሁ ልጁ ያመነበትን ሳይሆን እናንተ የምትፈልጉትን ነው የሚመልሰው። የምትሰሩት ሂሳብ ቀላል ነው፣ የጨመረውን ሊጨምር ይችል ለነበረው ማካፈል። ክፍሉ በአማካይ ከ30 ከመቶ ተነስቶ 44 ከደረሰ 14 ለ70 ነው፣ 0.20 መጣ ማለት ነው። ሪቻርድ ሄክ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ6,500 በላይ ተማሪዎችን ውጤት ሰብስቦ ያወጣው ጥናት አለ፣ አስተማሪው ብቻ እያወራ የሚሄድበት ክፍል በአማካይ 0.23 ነበር፣ ልጆቹ እርስበርስ እየተከራከሩ የሚማሩበት ደሞ 0.48። የእናንተ ቁጥር የቱ ጋር እንደሚወድቅ ሳታውቁ ካሪኩለም አትፃፉ፣ ምክንያቱም ችግሩ ከኮርሱ ዝርዝር ይልቅ ከአስተማመሩ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ደሞ የኮርስ ስም በመቀየር አታድኑትም።

እኔ ራሴ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው ብዬ ጠይቄ፣ ጄነራል ፊዚክስን በጥሩ ግሬድ ያለፉ ልጆች ከግማሽ በላይ "ዜሮ" ብለውኛል፣ ዜሮ የሚሆነው ግን ፍጥነቱ እንጂ አክስለሬሽኑ አይደለም። ፎርሙላውን ሁሉም ያውቁታል፣ ሰሌዳ ላይ ቁልቁል ፅፈው ያሳዩሃል። ከዚህ ሌላ አስር ጥያቄ ያላት የሂሳብ ፈተናም ጨምሩ፣ ክፍልፋይ፣ የግራፍ ስሎፕ፣ ቬክተርን በኮምፖነንት መክፈል፣ ቀላል ዴሪቬቲቭ፣ እሱ ነው።

የተመረቁትንም አግኙ። ሃይስኩል የሚያስተምር፣ ባንክ የገባ፣ ማስተርስ የቀጠለ፣ የራሱን ሱቅ የከፈተ፣ ሁሉንም። "ኮርሱ ጥሩ ነበር?" ካላችሁ "አዎ ቲቸር ጥሩ ነበር" ነው የሚሉት፣ ይልቅ "የቱ ኮርስ ላይ ነው የጠፋብህ? ከሱ በፊት ምን ቢነገርህ ኖሮ አይጠፋብህም ነበር?" በሏቸው። መልሱን እንዳለ በራሳቸው ቃል ፃፉት።

ሶስተኛ፡ ካርዱን ግድግዳ ላይ ለጥፉ

ጊዜ የምታጠፉበት ቦታ ይሄ ነው፣ ሌላውን ብትቸኩሉበት ግድ የለም። ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ካርቶን ቁረጡ፣ በግራ በኩል ኮርሱ ሲጀመር ልጁ ምን ማወቅ እንዳለበት፣ በቀኝ በኩል ኮርሱ ሲያልቅ ልጁ ምን መስራት እንደሚችል ይፃፍ። ከካታሎግ እንዳትገለብጡ አደራ፣ ካታሎግ ሁሌም ቆንጆ ነው። ያለፉትን ሶስት አመት የፋይናል ፈተናዎችና የአንድ ጎበዝ ተማሪ ደብተር አውጡና ከዛ ፃፉ፣ ደብተሩ የት ላይ እንደሚቆም ስታዩ ኮርሱ በእውነት የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ፣ ቻፕተር ዘጠኝ ሲላበስ ላይ አለ፣ ደብተር ላይ ግን ሰባት ላይ ነው ያለቀው።

ከዛ በሴሚስተር ደርድራችሁ ክር ያዙና ከአንዱ ካርድ ቀኝ ወደ ሌላው ካርድ ግራ ሳቡት። ወደኋላ የሚሄድ ክር ካለ፣ ማለትም ኮርሱ የሚፈልገው ነገር ገና ወደፊት የሚመጣ ከሆነ፣ ያ ነው በሽታው።

ለምሳሌ እኔ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሁለተኛ አመት አንደኛ ሴሚስተር ኤሌክትሪሲቲ ኤንድ ማግኔቲዝም እያስተማርኩ የጋውስን ህግ ሰሌዳ ላይ ፃፍኩ፣ ሰርፌስ ኢንተግራሉን ከነክቡ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበረች ልጅ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ይቺ ክብ ያለባት ኢንተግራል ምንድናት?" አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሌሎቹም መፃፍ አቁመው እኔን ነው የሚያዩት፣ እሷ ብቻ ነች የደፈረችው። ለካ ቬክተር ካልኩለስ ከማትስ ዲፓርትመንት የሚሰጣቸው ከሁለት ሴሚስተር በኋላ ነው! የኛ ሰው ኢ ኤንድ ኤሙን መድቧል፣ የማትስ ሰው ካልኩለሱን መድቧል፣ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። የዛን ቀን ትምህርቱን አቋርጬ ፍላክስ ምን እንደሆነ በዝናብና በባልዲ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ባልዲውን ቀጥ ስታደርገው፣ ስታጋድለው፣ ስትደፋው፣ ሶስት ሳምንት ወደኋላ ቀረሁ ግን ጋውስ ገባቸው።

የመጀመሪያው ክለሳችንም የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። ኳንተም ሜካኒክስ አንድን እና ማቲማቲካል ሜተድስ ሁለትን አንድ ሴሚስተር ውስጥ አስቀመጥናቸው፣ ወረቀት ላይ ክሬዲቱ ሞልቷል፣ ፕሪሪኲዚቱም (ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ) ሜተድስ አንድ ስለሆነ ችግር የለም ተባለ፣ ግን አይገንቫልዩ የሚባለው ነገር ሜተድስ ሁለት ውስጥ አስረኛ ሳምንት ላይ ነው የሚመጣው፣ ኳንተም ደሞ በሶስተኛው ሳምንት ይፈልገዋል። ማንም አላየውም ምክንያቱም ማንም በሳምንት ደረጃ አልተመለከተም። ስለዚህ አብረው የሚሰጡ ኮርሶችን በሴሚስተር ብቻ ሳይሆን በሳምንት ደርድሯቸው፣ እና ከማትስ ዲፓርትመንት ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኮሚቴ ውስጥ ይግባ፣ በእንግድነት ሳይሆን በአባልነት።

አራተኛ፡ ሰአቱን ቁጠሩ

የኮርስ ክብደት የሚለካው በኢሲቲኤስ ነው፣ 5 ኢሲቲኤስ ማለት 135 ሰአት የተማሪ ስራ ነው። 16 ሳምንት ብንል፣ በሳምንት 3 ሰአት ሌክቸር 48፣ በሳምንት 2 ሰአት ቱቶሪያል 32፣ ድምሩ 80፣ ለልጁ የራሱ ጥናት 55 ሰአት ቀረ፣ በሳምንት ሶስት ሰአት ተኩል ገደማ። ስድስት እንደዚህ አይነት ኮርስ ሲይዝ በሳምንት 50 ሰአት ሆነ፣ ሰባተኛ ብትጨምሩለት 59። ልጁ ላይብረሪ ወረፋ አለበት፣ ካፌ ሰልፍ አለበት፣ መብራት ይጠፋል፣ እና 59 ሰአት የሚባል ነገር የለም፣ የሚሆነው አንዱን ኮርስ ይተወዋል፣ የሚተወው ደሞ ብዙ ጊዜ የሚከብደውን ነው። ሴሚስተሩ በሆነ ምክንያት ወደ 12 ሳምንት ሲያጥር ምን እንደሚሆን እናንተው ስሩት፣ በየኮርሱ ሲያጥር የሚዘለለው ክፍል የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ሲላበሱ ላይ ምልክት አድርጉበት። አለበለዚያ ሁሌም የመጨረሻው ቻፕተር ነው የሚዘለለው፣ የመጨረሻው ቻፕተር ደሞ ቀጣዩ ኮርስ የሚነሳበት ነው።

አምስተኛ፡ ቀንሱ

አንድ ከመጨመር በፊት አንድ ይቀነስ፣ ይሄን ህግ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት። የሚቀነሰው የሚገኘው ድግግሞሽ ውስጥ ነው። ፎቶኤሌክትሪክ ኢፌክትና የቦር አተም ሞደርን ፊዚክስ ላይ ይሰጣሉ፣ ኳንተም አንድ መግቢያ ላይ ይደገማሉ፣ ኑክሌር ፊዚክስ ላይም ትንሽ ይነካሉ፣ ብላክቦዲ ደሞ ሞደርን ላይም ስታትስቲካል ላይም አለ። ሁሉም ኢንስትራክተር "ልጆቹ ስለማያውቁት ከመጀመሪያው ልጀምርላቸው" ብሎ በቅንነት ነው የሚያደርገው። አንዱ ቦታ በደንብ ይሰጥ፣ ሌላው ያንን አምኖ ይነሳ፣ ሁለት ሶስት ሳምንት ታተርፋላችሁ።

እዚህ ጋ የሰው ስሜት አለ፣ ተጠንቀቁ። አንድ ኮርስ አስር አመት ያስተማረ ሰው ኮርሱ ይቀነስ ሲባል ራሱ የተቀነሰ ነው የሚመስለው፣ ሎዱም (የሚያስተምረው ሰአት ብዛት) ያሳስበዋል፣ ትክክልም ነው። ስብሰባ ላይ ከማንሳታችሁ በፊት ቢሮው ሄዳችሁ ቡና ጠጥታችሁ ንገሩት፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ይሄን ኮርስ ከማንም በላይ ያውቁታል፣ የትኛው ክፍል ቢቀር ልጁ አይጎዳም?" ብሎ መጠየቅ አንድ ነው፣ "ይሄ ኮርስ ይውጣ" ማለት ሌላ ነው። አንድ አንጋፋ አስተማሪ እንደዚህ ስንጠይቃቸው እኛ ካሰብነው በላይ ራሳቸው ቀንሰው መጡ።

ስድስተኛ፡ ላቡን ከወረቀት አውጡት

ላብ ማኑዋሉ ላይ ያለውንና ሼልፉ ላይ ያለውን አስተያዩ። ከቴክኒሻኑ ጋር ገብታችሁ የሚሰራውን ኦሲሎስኮፕ አንድ በአንድ አብሩት፣ የሚሰራው ሁለት ከሆነና ክፍሉ ውስጥ አርባ ልጅ ካለ ያ ኤክስፐርመንት የለም ማለት ነው፣ ሁለት ልጅ ይነካል ሌላው ይገለብጣል።

ፔንዱለምን ልንገራችሁ፣ በክር የተንጠለጠለ ኳስ እያወዛወዙ ጂን፣ ማለትም የመሬት ስበት አክስለሬሽንን የሚለኩበትን ላብ። የሁሉም ቡድን ሪፖርት 9.81 ይላል። አዳማ ላይ ግን ጂ 9.81 አይደለም፣ ለኢኳተር ቅርብ ነን፣ ከባህር ጠለልም ከ1,600 ሜትር በላይ ነን፣ 9.78 ገደማ ነው የሚሆነው። ልጆቹ ከበላይ ባች ሪፖርት ነው የሚቀዱት፣ የበላዩም ከሱ በላይ ካለው። እኔ በአንዱ አመት ቁጥሩን ሳልነግራቸው "አንድ ሜትር ክር፣ 100 ውዝዋዜ፣ በስልካችሁ ሰአት ለኩ" አልኳቸው። በ9.81 ቢሆን 200.6 ሰከንድ ነበር፣ በ9.78 ደሞ 200.9፣ ልዩነቱ የሰከንድ ሶስት አስረኛ ነው። ያንን ለመለየት ደሞ ክሩን በሶስት ሚሊሜትር መሳት የለባችሁም፣ ምክንያቱም ሶስት ሚሊሜትር ስህተት ያንኑ ያህል ለውጥ ያመጣል። ልጆቹ ክሩን ከኳሷ ጫፍ ነው ከመሃሏ የምንለካው ብለው መጨቃጨቅ ጀመሩ፣ አንዱ ክሩ ሲሰቀል ይለጠጣል አለ፣ ከሰአት ሙሉ አልወጡም። ኤረር አናሊሲስ የሚባለውን ምዕራፍ በሌክቸር ስሰጥ እንደዛ ሲጨቃጨቁ አይቼ አላውቅም። ያ ላብ ያስወጣው ገንዘብ ክር፣ ሜትርና ብረት ኳስ ነው።

ስለዚህ ላቡን ስታቅዱ የኤክስፐርመንቱን ብዛት ቀንሱ፣ በሴሚስተር ከአስር አምስት፣ ግን መልሱ ማኑዋል ላይ የማይገኝ ይሁን። ፋይፎክስ የሚባል ነፃ አፕ አለ፣ ጀርመን አኸን ዩኒቨርሲቲ የተሰራ፣ የስልኩን አክስለሮሜትር፣ ማግኔቶሜትር፣ ማይክ ሁሉ መለኪያ ያደርገዋል፣ ስማርት ስልክ በየቡድኑ አንድ ይበቃል። ፓይተንም እንደዛው፣ አራተኛ አመት ላይ ኮምፒውቴሽናል ፊዚክስ ብሎ አንድ ኮርስ ከመስጠት ሁለተኛ አመት መካኒክስ ላይ አየር የሚይዘው ኳስ እንዴት እንደሚወድቅ በሃያ መስመር ኮድ እንዲሰሩ አድርጉ፣ ከዛ በየኮርሱ አንዳንድ ስራ፣ አራተኛ አመት ሲደርስ እጁ ለምዶታል።

ሰባተኛ፡ ያላችሁበትን ቦታ አስገቡ

ኢሌክቲቭ ስትመርጡ መስኮት ክፈቱ። እኛ አዳማ ከከተማው ወጣ ስንል የንፋስ ተርባይኖቹ ይታያሉ፣ አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት፣ ሁሉም ተርባይን 1.5 ሜጋዋት ነው። የንፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል፣ ከ6 ወደ 9 ሜትር በሰከንድ ሲሄድ ከሶስት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ተርባይን ደሞ ከዛ ጉልበት ከ59.3 ከመቶ በላይ መውሰድ አይችልም፣ ይሄን ፍሉይድ ላይ አረጋግጦ ከዛ አኒሞሜትር (የንፋስ ፍጥነት መለኪያ) ይዞ ወጥቶ መለካት የአንድ ሴሚስተር ፕሮጀክት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥም ነን፣ በ2017 ዓ.ም. ታህሳስና ጥር ከፈንታሌ በኩል የነበረው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲሰማ ተማሪዎቼ የጠየቁኝ ጥያቄ ሌክቸር ላይ ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ፒ ዌቭና ኤስ ዌቭ (ቀድሞና ዘግይቶ የሚደርሱት የመንቀጥቀጥ ሞገዶች) በደረሱበት ሰአት መካከል ያለውን ሰከንድ በ8 ስናባዛ ርቀቱ በኪሎሜትር በግምት ይመጣል፣ ዌቭ ኮርስ ውስጥ ሁለት ሌክቸር ይበቃዋል። ሃዋሳ ወይ ሌላ ቦታ ያላችሁ የናንተን ታውቃላችሁ፣ ሆስፒታል አጠገብ ካላችሁ የኤክስሬይና የጨረር ፊዚክስ፣ ሃይቅ ካላችሁ ብርሃንና ሙቀት በውሃ ውስጥ።

ብዙ ልጆች ደሞ መጨረሻቸው ሃይስኩል ማስተማር ነው፣ ይሄን እንደ ውድቀት የሚያይ ኢንስትራክተር አለ፣ እኔ በፍፁም አልስማማም፣ የዛሬ አምስት አመት ወደናንተ የሚመጣውን ልጅ የሚያስተምረው እሱ ነው። ቢያንስ ቱቶሪያል ላይ ፍሬሽማኖችን እንዲያስረዱ አድርጉና ክሬዲት ስጡበት።

ስምንተኛ፡ ማፀደቅና ማሸጋገር

የወረቀቱ መንገድ ያው የምታውቁት ነው፣ ድራፍት፣ የውስጥ ዎርክሾፕ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ገምጋሚዎች፣ ኮሌጅ፣ ከዛ ሴኔት። ገምጋሚዎቹ ድራፍቱን ከዎርክሾፑ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይድረሳቸው፣ የዛኑ ቀን ጠዋት ካዩት ስፔሊንግ ብቻ ነው የሚታረምላችሁ። አንድ ሁለት የሃይስኩል ፊዚክስ አስተማሪ ዎርክሾፑ ላይ ጋብዙ፣ ልጆቹ ምን ሳይማሩ እንደሚመጡ ቁጭ ብለው ይነግሯችኋል።

በጣም የሚረሳው ግን ሽግግሩ ነው። አዲሱ ካሪኩለም ከሁለተኛ አመት ጀምሮ ነው የሚገባው፣ ሶስተኛና አራተኛ አመት ያሉት በድሮው ይጨርሳሉ፣ ታዲያ በድሮው ካሪኩለም ኤፍ ያለበት ወይ በህመም ዊዝድሮ አድርጎ የሚመለስ ልጅ ኮርሱ ከጠፋ ምን ይወስዳል? በመጀመሪያው ክለሳችን ይሄን አላሰብንም፣ አንድ ልጅ በሪአድሚሽን ሲመለስ የቀረው ኮርስ የለም፣ ሬጅስትራር ወደኛ ይልከዋል፣ እኛ ወደ ሬጅስትራር፣ አንድ አመት ሙሉ ከምርቃት ቀረ። እናቱ ከገጠር መጥተው ቢሮ በር ላይ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ፣ እስካሁን አይኔ ላይ አሉ።

ስለዚህ ድራፍቱ ሴኔት ከመግባቱ በፊት የአቻ ኮርስ ሰንጠረዥ ይሰራ፣ በግራ የድሮው ኮርስ ኮድና ክሬዲት፣ በቀኝ የሚተካው፣ የሚተካው ከሌለ እስከ ስንት ዓ.ም. ለብቻ እንደሚሰጥና ማን እንደሚሰጠው። ሬጅስትራሩ ይፈርምበት፣ አንድ ኮፒ ዲፓርትመንት ፀሃፊዋ ጋ ይቀመጥ፣ አንዱ ደሞ ተማሪ በሚያየው ኖቲስ ቦርድ ላይ ይለጠፍ።